ጨዋነቴ እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበራችሁ የአማተር ትራያትሎን ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። በውድድሩ ዕለት ድንኳን ሥር ተቀምጣችሁ ትኩስ ሻይ ስትጠጡ ስላየኋችሁ፣ ብርዱ እንዳልደፈራችሁ ተስፋ አለኝ። እኔ የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰዓት ጠጋኝ ስሆን፣ የተወዳዳሪ ቁጥሬ 47 ነበር። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ዋኝቶ፣ ብስክሌት ነድቶ፣ በዚያ ላይ መሮጥ ለምን እንደሚያስፈልገው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የተመዘገብኩት ልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድሜ ስለተመዘገበ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተነሳሁትም ለላካችሁልኝ የስፖርታዊ ጨዋነት የምስክር ወረቀት ምስጋናዬን ለማድረስ፣ እግረ መንገዴንም ጥቂት ቅሬታዎቼን ለማሰማት ነው።

1. ስለ አየሩ ጠባይ። ገና ውኃው ውስጥ ሳንገባ፣ የሚጠብቀን "ቀለል ያለ ካፊያ" መሆኑን በድምፅ ማጉያ ስላበሠራችሁን ከልብ እናመሰግናለን። ያ ካፊያ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አናውጦ፣ በረዶ ቀላቅሎ አናታችንን ሲቀጠቅጠን፣ ከመስጠም እንዲያድነን የተመደበው ጀልባ ቀዛፊያችሁ ከሁላችንም ቀድሞ ዳር ወጥቶ ነበር። በዋናው አንደኛ መውጣቱ በውጤት ዝርዝሩ ላይ አለመጠቀሱ በእውነቱ አሳዝኖኛል።

2. ስለ ቀለሙ። ቁጥራችን ክንዳችን ላይ የተጻፈበት ቀለም ውኃ እንደማያስለቅቀው ቃል ገብታችሁልን ነበር። የውድድሩ ሲሶ ዋና መሆኑን ለጊዜው ዘንግታችሁት ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። ነገር ግን አንዲት አዋላጅ ነርስ ቁጥሯ 41 ሆኖ ሳለ፣ የ1 ቁጥሯ አናት ወደ ጎን ፈስሶ 7 መሰለ። ይህች ሴት ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ የወደቀ ተወዳዳሪ ስታገኝ ብስክሌቷን ጥላ፣ የዝናብ ልብሷን አልብሳው፣ እጁን በጎማ ቱቦ አስራ አምቡላንስ እስኪመጣ አብራው ቆየች። በመኪና ያለፈው ዳኛችሁ መስኮቱን ግማሽ ድረስ እንኳ ዝቅ ሳያደርግ፣ ጉም በሸፈነው መስታወት አሻግሮ ክንዷን አየና "47" ብሎ መዘገበ። በዚህም መሠረት እሷ ከሰዓት ውጭ ገብታለች ተብላ ተሰረዘች፤ እኔ ደግሞ ጨዋ ሆንኩ።

3. ስለ ጨዋነቴ። የምስክር ወረቀቱ "ለራሱ ሰዓት ሳይሳሳ የወደቀ ተወዳዳሪን ላነሳ" ይላል። ክቡራን፣ መታጠፊያው ላይ ከብስክሌቴ ወርጄ ቆሜያለሁ፤ ይህንን አልክድም። የቆምኩት ለአሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ ጉዳይ አልሳሳትም፣ እንጀራዬ ነው። የቆምኩበትም ምክንያት መነጽሬን ለመጥረግ ነበር። መልሼ ሳጠልቀው ቦዩ ዳር አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ሰው ወድቆ አየሁ። ጃኬቱን አወቅሁት፤ እኔም የለበስኩት ያንኑ ነበርና። ሁለቱንም የሰፋቸው ወንድሜ ነው።

ግራ እጁን ወደ እኔ አነሳ። "ደህና ነኝ፣ እለፍ" ማለቱ ነው አልኩ። እንዲህ ማለቱ እንዳልሆነ እዚያው ቆሜ አውቅ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ በሩጫም በትምህርትም በሰው መወደድም የሚቀድመኝ እሱ ነው፤ የዚያን ዕለት ጠዋትም ቀድሞኝ ነበር። ወድቆ ሳየው ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ይህንን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ለእናንተ መንገሬ እንደ ትልቅ አክብሮት ይቆጠርልኝ።

4. አዋላጇ የደረሰችው እኔ ካለፍኩ ከአሥራ አራት ደቂቃ በኋላ ነው። በዚህ መሃል ወንድሜ ብቻውን ሊነሳ ሞክሮ፣ በተሰበረው ቀኝ እጁ ተደግፎ፣ ዳግመኛ ወደቀ። ይህንን እሷ ከሩቅ አይታዋለች። ሐኪሙ እንደሚለው የመጀመሪያው ስብራት በጄሶ የሚድን ነበር፤ አጥንቱን ከቦታው ያፈናቀለው ሁለተኛው መውደቅ ነው። አሁን ሁለት ጣቶቹ አይሰሙትም። ከእንግዲህ መቀስ ይይዝ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በዚህ ተራ ቁጥር ሥር በኮሚቴው ላይ ያለኝን ቅሬታ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ ቁጥሩን ቀድሜ ስለጻፍኩት ግን ትቼዋለሁ።

5. ስለ ወረቀቱ ማማር። በእውነት ያምራል። ወንድሜ ጭንቅላቱን ስለተመታ ከወደቀ በኋላ እዚያ የሆነውን አያስታውስም፤ የሚያውቀው እናንተ የጻፋችሁትን ነው። ስለዚህ ቅጂውን በፍሬም አሠርቶ ከልብስ መለኪያው መስተዋት በላይ ሰቅሎታል። ሚስቱ እሱ እየነገራት ጨርቅ ስትቆርጥ፣ እሱ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ በግራ እጁ ወደ ላይ እያሳየ "ወንድም ጋሼ ባይደርስልኝ ኖሮ" ይላል። እኔ ስገባ ደግሞ ተነስቶ ወንበሩን ይለቅልኛል፤ በእሱ ምክንያት ደረጃ ስላመለጠኝም ይቅርታ ይጠይቀኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ "ምንም አይደል" ስለው ከረምኩ።

እንግዲህ የምለምናችሁ፣ ጨዋነቴን ከመዝገባችሁ ሰርዛችሁ ለባለቤቷ ለቁጥር 41 እንድታስተላልፉልኝ፣ እሷንም ወደ ውጤት ዝርዝሩ እንድትመልሱልኝ ነው። ዋናውን የምስክር ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ጠርዙ ላይ ለሚታየው መጨማደድ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ፤ ልቀደው ሞክሬ ወረቀቱ ጠንካራ ሆነብኝ።

በሚቀጥለው ዓመትም ድንኳናችሁ እንዳያፈስ፣ ሻያችሁም እንዳይቀዘቅዝ በመመኘት፣ ላልሠራሁት ሥራ ስላከበራችሁኝ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የቀድሞው ጨዋ፣ ሰዓት ጠጋኙ

ግልባጭ፦
ለአዋላጅ ነርሷ
ለታናሽ ወንድሜ፣ ልብስ ስፌት ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለደብዳቤ መልስ የመስጠት ልማድ እንደሌላችሁ ስለማውቅ አልጠብቅም። የወንድሜን ግልባጭ በፖስታ ልልክለት አስቤ ነበር፤ ሆኖም ይህ በጋዜጣ ከመውጣቱ በፊት እኔው ሄጄ፣ ወንበሩን ሳልቀበል ቆሜ አነብለታለሁ። ዳኛችሁ ከመኪናው ሳይወርድ በመጻፉ ስድስተኛ ቅሬታ አዘጋጅቼበት ነበር፤ እሱንም ሰርዤዋለሁ። እሱ አልወረደም፤ እኔ ግን ወርጄ ነበር።