ለምትክ መምህሩ የተውሽው የመጨረሻ ትምህርት

ልጄ አርዋ፣ ጅዳ በሰው ቤት ላለሽው፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

(የምጽፈው እህትሽ ፈርሂያ ነኝ። እማ «ደህና ነን» ያለችው እያለቀሰች ነው። እሱን አትጻፊ ብላኛለች።)

በአንቺ ቦታ ሥዕል የሚያስተምሩት የስፖርቱ መምህር ያዘጋጀሽላቸውን ዕቅድ ጨረሱ።

(ቲቸር ፈንታው የሚሳልላቸው ኳስ ብቻ ነው፤ እሱም እንቁላል ይመስላል።)

የመጨረሻው ትምህርት «የራቃችሁን ሰው ፊት አስታውሳችሁ ሳሉ» ይላል አሉ። ፈርሂያ አንቺን ስላ አመጣች። «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አልኳት።

(«ያንቺው ናት» አልኳት።)

አፍንጫሽን ላርማት ብል ጠፋብኝ። ዓይንሽም ጠፋብኝ፣ ልጄ። የነበረንን ፎቶ ለፓስፖርት ወሰድሽው። ርእሰ መምህሩ ሌላ ዕቅድ ትላክልን ይላሉ፤ እሱ ይቅር። አሠሪዎችሽ ከፈቀዱልሽ አንድ ፎቶ ላኪልኝ። ፊትሽን ሳያሳየኝ አይውሰደኝ፤ አሚን በይ።

(ቶሎ ላኪው። በየቀኑ «እንዲህ አይደለችም» እያለች ስታስጠፋኝ ላጲሴ አለቀ።)