ቲማቲሙ ፀሐይ ላይ፣ ስብሰባው ማቀዝቀዣ ውስጥ

አንተ የቲማቲም ባላባት፣ እንዴት ከርመሃል?

በዚህ ፖስታ ካርድ ላይ የምታየው የሚያብረቀርቅ ሕንፃ፣ ምርት ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅበት ልዩ ዞን ነው። ዛሬ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ሲመረቅ እኔንም ከእንግዶቹ ጋር ቀላቅለው አስገቡኝ። ውጪው እሳት ነው፤ የምረቃው ስብሰባ ሊደረግበት የታሰበው አዳራሽ ደግሞ ገና አላለቀም። አስተባባሪው ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቲማቲሙን በሙሉ ከማቀዝቀዣው አስወጥቶ ወንበር ደረደረበት! የስብሰባው ርዕስስ? የምርት ብልሽትን መከላከል። ኩርምት ብለን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ አጨበጨብን። ተናጋሪው ብርድ አይሰማው መሰለኝ፣ አላቆም አለ።

ስንወጣ ፀሐይ ላይ የተደረደሩት የቲማቲም ሳጥኖች ከሥራቸው ቀይ ውሃ ያንጠባጥባሉ። የቲማቲሙ ባለቤት፣ አንዲት እናት፣ ዝንቡን በነጠላቸው እያባረሩ፣ "ልጄ፣ ጨረሳችሁ? አሁን ይግባልኝ?" አሉኝ። እኔ አስተባባሪውን ጠራሁላቸው። አስተባባሪው ግን ምን ገዶት! "እማማ፣ ይሄማ ለውጭ ገበያ ደረጃውን አያሟላም" ብሏቸው ወደ ምሳው ሄደ።

አንተ የሰፈራችን መጋዘን ጣሪያው ያፈሳል እያልክ ስታማርር ነበር። ተመስገን በል፤ እዚያ ውስጥ ልሰብሰብ የሚል የለም።

ቦታ አለቀብኝ፣ ጠርዝ ላይ እየጻፍኩ ነው። እትዬን ሳምልኝ፣ የልጆቹንም ጉንጭ ቆንጠጥ አድርግልኝ። ዞኑ ወደ እናንተም ይመጣል ብለህ ጓጉተሃል አይደል? እንግዲያው አደራህን፣ ማቀዝቀዣው የተተከለ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ወንበሩን ይደብቅ።