መቅደላ ጠርቶ ወረኢሉና ተንታ እምቢ ያሉበት ሰሞን

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አራቱም ኮምፒውተሮች በርተዋል፤ ሁለቱ ግን አይታዘዙም። ማስተዋል ከጠዋት ጀምራ እነሱ ላይ እንደተደፋች ዋለች። ቁርሷን ይዤ ብገባ «እምዬ፣ እዚያ ጋ አስቀምጪው» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል። ስመለስ ዝንብ ቀድሟታል።

እነዚህ ኮምፒውተሮች እህል የማኖርበት ጓዳ ከገቡ ሦስት ወራቸው ነው። አሮጌ ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤቷ ሲወገዱ ለምና ነው ያመጣቻቸው። በገመድ ተያይዘው መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፣ ስዊች ትላታለች፣ እሷ ጋ ይገናኛሉ። ሁሉንም አንድ ላይ ክላስተር ትለዋለች። እኔ ወንፈል ነው የምለው። አንዱ ብቻውን የማይወጣውን አራቱ ተከፋፍለው ይጨርሱታል፣ ሌላ ምንድነው ታዲያ? ስም ያወጣሁላቸውም እኔ ነኝ። አዛዡ መቅደላ ነው፣ ከፍ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሦስቱ ታች ሳንቃ ላይ ናቸው፤ አጅባር፣ ወረኢሉ፣ ተንታ።

የሚሠሩላት የውርጭ ነገር ነው። የስንት ዓመት ብርድና ዝናብ ከየወረዳው ለቅማ አስገብታ፣ ገብሱን ውርጭ የት የት፣ መቼ መቼ እንደሚመታው ያሰሉላታል። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ነው። ውጤቱን ሰኞ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካላስገባች ለከርሞ ተላለፈ ማለት ነው። ከተላለፈ ደግሞ የተያዘላት የአስተማሪነት ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ይኼን ስትነግረኝ እንደ ቀላል ነገር ነበር የነገረችኝ። ቀላል አይደለም። ጡት ሳትጥል ነው እናቷ የሞተችባት፣ ያሳደግኋትም እኔ ነኝ፤ እዚህ ስትደርስ እኔ አውቃለሁ በምን በምን እንዳለፈች።

አራቱ ከሠሩት ሦስት ቀን ይበቃል። ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ስድስት። ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ፤ ማክሰኞ ይሆናል። አይደርስም።

ትናንት እኮ ደህና ነበሩ! እሷ የዝናብ መዝገብ ልታመጣ አጅባር ከተማ ሄዳ ሳለች የሚደግፋቸው ባትሪ እስኪያልቅ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ደወልኩላት። «እምዬ፣ ቁልፋቸውን ተጫኚ። መቅደላና አጅባር ራሳቸው ይነሳሉ። የወረኢሉና የተንታ የሰዓት ባትሪያቸው ሞቷል፣ ቀንና ሰዓት ይጠይቁሻል። ስክሪኑን እያዛወርሽ አስገቢላቸው» ስትለኝ ኔትወርኩ ሄደ። እሷ ስታደርገው ስንቴ አይቻለሁ፤ ቁጥርስ መች ያቅተኛል? አስገባሁ። አራቱም ተነሱ፣ እንደ ንብ እም አሉ። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ዛሬ ይኸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዘሀራ መጣች። የማስተዋል የሥራ ባልደረባ ናት፤ ኮምፒውተር ፈትታ የምትገጥም፣ እጇ የማያርፍ ልጅ። ገና ከመግባቷ ጓዳውን አየችና፣

«እማማ አስካለ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ዳንቴል ነዋ። ቴሌቪዥኑ ለብሶ እነሱ ለምን ራቁታቸውን ይደሩ?»

«ትንፋሽ አሳጥረዋቸዋል እኮ! በዚህ በኩል ነው የሚተነፍሱት።»

አራቱንም ዳንቴል ገፈፈችብኝ። እኔም በልቤ በቃ ተገኘ አልኩ፣ ታፍነው ነው። ዳንቴሉ ተነሣ፣ እነሱ አሁንም እምቢ።

ከዚያ የሞከሩትን ልጻፈው፣ እንዳልረሳ።

ገመድ አቀያየሩ። የወረኢሉን ለአጅባር፣ የአጅባርን ለወረኢሉ። አጅባር በማንም ገመድ ይሠራል። ገመድ አይደለም።

ስዊቿ ላይ የሚሰኩበትን ቀዳዳ ቀየሩ። እሱም አይደለም።

አይጥ ፈለጉ። በእኔ ጓዳ አይጥ! «ከእህሉ በኩል ሊሆን ይችላል» ስትል ዘሀራ፣ «የኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት አይጥ የሚገባው አስፈቅዶ ነው» አልኳት። ፈለጉ፣ የለም። ደስ አለኝ፣ ለነሱ ግን አልጠቀማቸውም።

የሚስጥር ቃል አላቸው፣ አራቱ የሚተዋወቁበት። አዲስ አውጥተው ለአራቱም አደሉ። ያው ናቸው።

ግራ የገባኝ አንድ ነገር ነበርና ጠየቅኩ፤ «አይሰማሙም ማለት ነው?» ዘሀራ ሳቀች። «ይሰማማሉ እማማ፣ እሱ ነው የሚያናድደው። መቅደላ ሲጣራ ወረኢሉ አቤት ይላል። ተንታም አቤት ይላል። ና ሥራ ሲለው ነው ማነህ አንተ የሚለው።»

እንዲህ ያለ ዘመድ እኔም አለኝ። ሰላምታው ያምራል፣ ለአጨዳ ስትጠራው ወገቤን ይላል።

ዘሀራ ስትሄድ «አብሽሩ፣ ነገ ከጁምዓ በፊት መጥቼ ቁጭ ብለን እናየዋለን» አለች። ማስተዋል አላበሸረችም። እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ አየኋት። እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ። ወጥቼ የማደርገው ጠፋኝ፤ የተጠረገ ግቢ ጠረግሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ጉድ ነው የሰማሁት። ጉዱም እኔ ነኝ።

ከቅዳሴ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ የኅዳርን ቆሻሻ ያጥናል፣ ጭሱ ዓይን አያስገልጥ። ጓዳው እንዳይገባባቸው መስኮት ልዘጋ ገባሁ። ዘሀራ ከጠዋት መጥታለች። ስክሪን ላይ የሚወርደውን ጽሑፍ ለማስተዋል ጮክ ብላ ታነብላታለች። «ተንታ፤ ሁለት ሺ አስራ ስምንት፣ ወር ሦስት፣ ቀን አስራ ሁለት፣ ይለፉን አልቀበልም። እንደገና፤ ሁለት ሺ አስራ ስምንት፣ ወር ሦስት፣ ቀን አስራ ሁለት፣ አልቀበልም...»

እኔ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ «እሱስ ቀኑን ደህና አድርጎ ይዞታል፣ አልረሳም» አልኩ።

ማስተዋል ዞረች። «ምን አልሽ እምዬ?»

«ኅዳር ሦስተኛ ወር አይደለም? ቀኑስ ዛሬ ሚካኤል አይደለም? እኔ ነኝ ማክሰኞ ያስገባሁለት። ሰዓቱንም ከእጅ ሰዓቴ አይቼ፣ ደቂቃ ሳላጎድል።»

ሁለቱም ተያዩ። ዘሀራ መዳፏን ግንባሯ ላይ አሳረፈችና «ያ ረቢ!» አለች። ከዚያ ሳቅ ያዛት፣ ወለሉ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ማስተዋል ግን አልሳቀችም፣ ሮጣ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔ ምኑም አልገባኝም፣ ጭሱም ዓይኔን ይለበልበኛል።

ኋላ አስረዱኝ። መቅደላና አጅባር የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው። እነሱ ጋ ኅዳር አስራ አንደኛ ወር ነው፣ ዓመታቸውም ከኛ ቀድሞ ሄዷል። ሰዓቱም ቢሆን እኛ አራት ስንል እነሱ አስር ይላሉ። ወረኢሉንና ተንታን ደግሞ እኔ በኛ አቆጣጠር አስገብቻቸዋለሁ። መቅደላ ሥራ ሲልክ የይለፍ ወረቀት አብሮ ይልካል፣ ወረቀቱ ላይ ቀንና ሰዓት አለበት። ወረኢሉ ሲያየው ወረቀቱ ገና ሰባት ስምንት ዓመት ቆይቶ የሚጻፍ ነው። አጭበርባሪ ነህ ብሎ ይመልሰዋል። እኔስ ብሆን አልመልሰውም?

«ሁለት ቀን ሙሉ አየሁት ወላሂ!» ትላለች ዘሀራ። «ሁለት ሺ አስራ ስምንት ሲል ዓይኔ ዝም ብሎ አለፈው። ዓመቱ የኛው ነዋ!»

ማስተዋልም እንደዚያው። ሁለት የተማሩ ልጆች አፍጥጠው እያዩ አላዩትም። ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ገና ሲያዩት ይስቁ ነበር።

ቀኑንና ሰዓቱን አስተካከሉ። መቅደላ ጠራ። ወረኢሉ ገባ። ተንታ ገባ። ስዊቿ ላይ አራቱም መብራት እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ይርገበገብ ጀመር። ሥራው ልክ አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሦስት ቀን ቆጠርን፤ ሰኞ አምስት ሰዓት። ይደርሳል። ለጥቂት ቢሆንም ይደርሳል።

ዘሀራ ለጁምዓ ስትወጣ ጸጸቱ መጣብኝ። እኔ ነኝ ለካ የልጄን ሁለት ቀን የበላሁት። «አንቺ ምን አደረግሽ» አለችኝ ማስተዋል፤ «የትኛውን ቀን እንደሆነ ያልነገርኩሽ እኔ። ኔትወርኩ ባይሄድ እንኳ ትዝ የሚለኝ አይመስለኝም።» ለማጽናናት ይሁን ከልቧ አላወቅሁም።

ከሰዓት የኔታ ብቅ አሉ። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ጎረቤቴ ናቸው፣ ዘመን ቆጥረው የማይስቱ። ነገርኳቸው፣ እንዲቆጡኝ ጠብቄ።

«ዘመኑ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ሺ አስራ ስምንት።»

«ወሩስ?»

«ኅዳር።»

«ታዲያ ምን ተሳሳትሽ? የተሳሳቱትስ የቀሩት ሁለቱ ናቸው» ብለው ጠላቸውን ጨለጡ።

ትንሽ ቀለለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ደግሞ ብየዳ።

ከኛ ፊት ለፊት አበራ የብረት በር ይሠራል። ጠዋት ብየዳውን ሲጀምር የቤታችን አምፖል ቀላ፣ ጨለም፣ ቀላ። ስዊቿም አብራ ትጠፋና ትበራ ጀመር። እሷ ስትጠፋ አራቱ ይጠፋፋሉ። ማስተዋል እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ኮምፒውተሮቹን የሚደግፍ ባትሪ አለ፣ ስዊቿ ግን ከግድግዳው ነበር የምትመገበው። ወደ ባትሪው አዞረቻት። እሱ ደግሞ እንዲህ ቀኑን ሙሉ ከተመጠጠ አይቆይም አለች።

ሄድኩ። ማስተዋል «ተይ እምዬ፣ ሰውየው ሥራው ነው» ትላለች። ሥራው መሆኑን መች አጣሁት?

«አበራ፣ እሳትህን እስከ ሰኞ አሳርፍልኝ።»

መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና፣ «እማማ አስካለ፣ ምነው፣ ኮምፒውተር በብየዳ ይቀናል እንዴ?»

«አይቀናም፣ ይሞታል። የልጄን ዲግሪ ይዞ ይሞታል።»

«በሩን ለማክሰኞ ቀጥሬያለሁ።»

«ቀለም ይፈልጋል?»

«ይፈልጋል።»

«ያ የቆመው በርስ?»

«እሱም አልተቀባም።»

«እንግዲህ ዛሬና ነገ ቀባ፤ ሰኞ ከሰዓት በየድ። ይኼ ምኑ ይከብዳል?»

ሳቀ። «በዚህ ምላስዎ እርስዎን ነበር ፍርድ ቤት መቅጠር» አለኝ። ግን አቆመ። ሲቀባ ዋለ። ምሳ ላኩለት፣ ነገ ጾም ይያዛል ብዬ ሥጋውን አበዛሁለት። የሚያዘው ከነገ ወዲያ ነው፤ አይ እኔ፣ ሰሞኑን ቀን አይሆንልኝም።

ማስተዋል ዛሬ በላች።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቅበላ። ዘሀራም መጣች፤ ሥጋው በየፊናችን ስለሆነ እሷ የራሷን በሳህን ይዛ መጥታ አብራን በላች።

ስልሳ ከመቶ ደረሰ አሉ ጠዋት። ከሰዓት ሰባ። ተንታ ይሞቃል፣ መስኮቱን ከፈትንለት። ወረኢሉ ከሁሉም ይበረታል፤ ያ ሁሉ እምቢታው የት እንደሄደ።

አንዴ መብራት ብልጭ አለና ሦስታችንም ቆምን። አልጠፋም። ዘሀራ ልቧን ይዛ ቆይታ «እማማ፣ እኔ እኮ ገና አላገባሁም፣ በዚህ ልሙት?» አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

አምስት ሰዓት ተብሎ ነበር፣ አምስት ተኩል ላይ ጨረሱ። ያቺ ግማሽ ሰዓት ከጾሙ በላይ አደከመችኝ። መቅደላ ከሦስቱም ሰብስቦ አንድ አድርጎ አወጣው። ካርታ ነው፤ ሰማያዊ ሰማያዊው ውርጭ የሚበዛበት ነው። የኛን ገደል በጣቴ አገኘሁት።

ማስተዋል ለማጣራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆየች። ጫማዋን አዙራ አድርጋ ልትወጣ ስትል መለስኳት። «ቀኑን ጽፈሻል? በየትኛው ነው የጻፍሽው?» አልኳት። «በሁለቱም» አለች፤ ሮጠች።

ከዚያ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አበራ ብየዳውን ጀመረ፣ አምፖሉ ቀላ ጨለም ይላል፣ አላልኩትም። አስር ሆነ። አስር ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እምዬ!»

«ወይ።»

«ተቀበሉኝ። ሁሉንም አይተው ተቀበሉኝ። ፈረሙልኝ።»

የሆነ ነገር ልላት ነበር። እልል ልል ነበር። ስልኩን ይዤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጫንኩ። ዓይኔ ብቻ ይፈሳል።

«ሄሎ? እምዬ? ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም» አልኳት ኋላ። «እየሰማሁሽ ነው።»

አሁን ቡና ሳትል ጫማዋን ሳታወልቅ ተኝታለች። የሚቀረው በሚቀጥለው ወር እነዚያ ሊቃውንት ፊት ቆሞ መናገር ነው አለችኝ፣ ፈራ ተባ እያለች። እሱን እኔ አልፈራም። ለመናገርስ በኔ ወጥታለች።