በደጃችን ስላደረችው መኪና

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ለሜሳ ጉርሜሳ፣ ካለህበት ይድረስ።

ጋሼ ለሜሳ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ ክረምት ሲገባ የሚነሳብህ የጉልበት ቁርጥማት እንዴት አደረገህ? ብርዱስ እንዴት ነው? አብረውህ ያሉት ልጆች ደህና ናቸው? ሰላምታዬን በጆንያ ብሞላው ባለ ተሳቢ መኪና አይችለውም ነበር፣ ስለዚህ በወረቀት አድርጌዋለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ እህታችን ጫልቱ ደህና ናት፣ ጥጃዋ እንኳ ደህና ናት። አባባም በጤናው በኩል ደህና ነው። በጤናው በኩል ያልኩበትን ምክንያት ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ።

ይህ የምታየው ጽሕፈት የሌላ ሰው እጅ አይደለም፣ የራሴ የደገፋ ነው። አዎ፣ አምስት ፍየል ቆጥሮ ስድስት የሚለው ደገፋ! በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ስምንት ወር ሙሉ ማታ ማታ ከፋኖስ ጋር ስፋጠጥ ከርሜ ሰኔ ላይ የምስክር ወረቀቴን ተቀበልኩ። ባለፈው አብዶ ባለሱቁ በጻፈልህ ደብዳቤ ላይ አንደኛ ወጣሁ ብዬ አስጽፌ ነበር። አራተኛ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ አንባቢ እኔ ነበርኩ። የማኅበሩ ማስታወቂያ ሲመጣ እኔ፣ ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ እኔ። አባባ ጎረቤቱን ጠርቶ ያስቀምጥና፣ ዝም በሉ ልጄ ሊያነብ ነው ይል ነበር። እኔም ተቀምጦ ማንበብ ትምህርቱን ማዋረድ ስለሚመስለኝ ቆሜ ነበር የማነበው። ታዲያ ጋሼ፣ አንዳንዴ ደብዳቤህ ሲያጥርብኝ ከራሴ እጨምርበት ነበር። ለአባባ ካፖርት እልካለሁ ብለህ አልጻፍክም። ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ደስ ሲለው ጊዜ መመለስ አቃተኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፣ እጄም ሳይደክም።

ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ሰማዩ ሲያካፋ ዋለ። ሊመሽ ሲል ከጅማ በኩል አንዲት ቮልስ፣ ያቺ እንደ ዳቦ ድፍን ያለችው ረጅሟ ዓይነት፣ እየተንተፋተፈች መጥታ ከለቡ ከፍ ብሎ ካለው ግጦሻችን ዳር ጸጥ አለች። ፈረንጅ፣ ሚስቱና ጡት የሚጠባ ልጅ ነበሩባት። ሰውየው ሞተሩን ነካካና ሲያቅተው ከባሕር ዛፎቹ ሥር ገፍቶ አቆማት። አባባ ከበራፍ ሆኖ ሲያይ ቆየና ጠራኝ። ሂድና ወደ ቤት ይግቡ በላቸው፣ ዝናቡ ገና ነው፣ በእኛ ደጅ መንገደኛ ውጭ አድሮ አያውቅም አለኝ። ቋንቋቸውን ትችላለህ ወይ ሲለኝ፣ የተማረ ከተማረ ጋር ይግባባል አልኩት። ከቋንቋቸው ግን አንድ ቃል አላውቅም።

ስደርስ ሰውየው የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ በሁለት እጁ የመኪናዋን ጣሪያ ወደ ላይ ይገፋል። ጣሪያው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ዙሪያውን ሸራ ተዘረጋ፣ መኪናዋ ለሰላምታ ባርኔጣዋን ያነሳችልኝ መሰለኝ! ከባለቤቷ ቀድማ ሰላም አለችኝ። ሦስት ጊዜ ዞርኳት። ሰውየው አፉ ባትሪ እንደያዘ ሳቀና ግባ ብሎ በእጁ አሳየኝ። ገባሁ። ምድጃ አላት፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ አላት፣ መጋረጃ አላት፤ ሚስትየዋ ከመጋረጃው ኋላ ልጇን ታጠባለች። ላይኛው አልጋ ላይ ወጥቼ ጭቃ እግሬን ወደ ውጭ አንጠልጥዬ ተጋደምኩ። ሸራውን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። የመጣሁበት ጉዳይ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። ትዝ ሲለኝ ደግሞ አፌን ብከፍት ምን ይወጣኛል ብዬ ፈራሁ። ወረድኩ፣ እጅ ነሳሁ፣ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ አብዶን ዝናብ እስኪያባራለት ተጠልሎ አገኘሁት። አባባ ምን አሉ ሲለኝ፣ ረሳሁት ማለት ነበረብኝ። አብዶ ግን እየሳቀ፣ እስቲ ፕሮፌሰር ተናገር አለኝ። እኔም በቋንቋቸው አነጋገርኳቸው፣ እግዜር ይስጥልን፣ የእኛ ቤት ከእናንተ ቤት ይሞቃል፣ ጭስም የለው አሉ ብዬ መለስኩ። ጭሱን ለማጣፈጫ ነው የጨመርኩት። አብዶ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። አባባ አልሳቀም። ጥቀርሻ የለበሰውን ጣሪያችንን ቀና ብሎ አየና፣ እንግዲያው ይሙቃቸው ብሎ ጋቢውን ሳበ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነፋሱ ከፉሪ ተራራ በኩል ተነሳ። ባሕር ዛፎቹ ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ ዝናቡ በጎን ነው የሚመጣው። የመኪናዋ ሸራ እንደ ጅራፍ ሲጮህ እዚህ ድረስ ይሰማል። አባባ ተነስቶ ተቀመጠ። ደገፋ፣ ሸራው እየተቀደደ ነው፣ ሄጄ ላምጣቸው እንዴ አለ። ተወው አባባ፣ ለምደውታል፣ ይቀየሙሃል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ልቅሶ ተሰማ። እማዬ የሕፃን ልቅሶ ነው አይደል ስትል፣ የአብዶ ድመት ናት አልኳት። ጋሼ፣ የመጀመሪያው ውሸት ሞኝነት ነበር። ይህንን ግን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። ተከናንቤ ተኛሁ፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሲነጋ አባባ ላሟን ሊያልብ ወጣና ቅሉን ጥሎ ሮጠ። ሸራው በአንድ ወገን ተገንጥሏል፣ ጣሪያው ተጣሞ አልዘጋ ብሏል፣ ፍራሹ ውሃ ጠጥቷል። ሰውየው ጣሪያው እንዳይሄድበት በገመድ ይዞ ያደረበት መዳፉ ተልጧል። ሚስቱ ከፊት ወንበር ላይ ልጁን ከልብሷ ውስጥ ከትታ ላስቲክ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። አባባ ሕፃኑን ደረቱ ውስጥ አድርጎ አመጣው። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። እማዬ እሳት ዳር አድርጋ ጡት እስኪይዝ ድረስ አሸችው፣ አሸችው።

ከዚያ ፈረንጁ ተናገረ። በአማርኛ ጋሼ! ከእኔ በተሻለ አማርኛ! ለካስ ጅማ አካባቢ ሰባት ዓመት የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የኖረ ሰው ነው። እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ሌሊቱን የቤታችሁን መብራት እያየን ነበር፣ ሳንጠራ መምጣት አፍረን ነው አለ። እማዬ ደንግጣ፣ ምነው ማታ ልጄ ጠርቷችሁ የለም እንዴ ስትል እሱ አየኝና ገባው። ምናልባት በዝናቡ አልሰማነው ይሆናል ብሎ ሊያድነኝ ሞከረ። ሚስቱ ግን እሷም በአማርኛ፣ በየዋህነት እየሳቀች፣ አይ እሱ አልጋችን ላይ ተኝቶ ወረደ እንጂ ምንም አላለንም አለች። ጭቃ እግሬ ትዝ አለኝ። መሬት ብትከፈት በደስታ እገባባት ነበር።

አባባ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደረቅ ልብሱን ለሰውየው ሰጠ፣ ሁለት ቀን አሳደራቸው፣ መካኒክ ዘንድ በበሬዎቹ እያስጎተተ አደረሳቸው። ከሄዱ በኋላ ለእማዬ ሲናገር ከጓሮ ሰማሁት። ለሜሳ ዛሬ በማን ደጅ ነው ያደረው? አልገባም አለ ብሎ ውጭ የሚያስቀረው የማን ልጅ ይሆን? አላት። እማዬ አለቀሰች።

ያንተ ደብዳቤ ሰኞ ደረሰ። እንደ ልማዴ ቆምኩ። አባባ ከእጄ ላይ ወሰደው፣ ጃንጥላውን ይዞ በዚያ ዝናብ ወደ አብዶ ሱቅ ሄደ። አስነብቦ ሲመለስ፣ ካፖርት የሚል የለበትም አለ። ለእማዬ ነው የነገራት፣ ለእኔ አይደለም። ይቅርታ አባባ ስለው፣ ዝናብ የመታው እኔን አይደለም አለኝ።

ፈረንጁን የት አገኘዋለሁ? ስለዚህ ላንተ ጻፍኩ። ምናልባት አንድ ቀን መሽቶብህ፣ ደጅ ቆመህ፣ የሚጠራህ ብታጣ፣ የእኔን ሥራ ዕዳ እየከፈልክልኝ እንደሆነ እወቀው፣ ይቅርም በለኝ። እዚህ ወረቀት ላይ የጨመርኩት ነገር የለም። የእንቁላል ያህል በረዶ ወረደ ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት፣ ስርዙ ይታይሃል። በረዶ አልነበረም።

እማዬ ዓይንህን፣ ግንባርህን፣ ሁለቱንም ጉልበትህን ትስማለች፤ እንዳይበርድህ ታጠቅ ትልሃለች። ጫልቱ በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሃለች፣ የሹራብ ካልሲ ጀምራልሃለች፣ አንዱን ጨርሳለች። አብዶ ፕሮፌሰሩ ሥራ ፈቷል በልልኝ ብሎ በሳቅ ሰላም ይልሃል።

የአባባን ሰላምታ ግን እኔ አልጻፍኩትም። አብዶን በግማሽ ወረቀት አስጽፎ አራት ቦታ አጥፎ ሰጠኝ፣ ከደብዳቤህ ጋር ጨምረህ ላከው አለኝ። አልታሸገም፣ አልተለጠፈም። ይህን መጨረሻውን ፖስታ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው፤ እስከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ስሄድ ከኪሴ ነበር፣ በመንገዱም ላይ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር የማነበው ሰውዬ እንዳለ ከተትኩልህ። ምን እንደሚል አላውቅም።

ታናሽ ወንድምህ ደገፋ ጉርሜሳ
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.