የቅዳሜው ጢስ

ቫናሶ መንደር፣ ኢስቶኒያ
እሑድ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2019

ልጄ ታአቪ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሃል? የኖርዌይ ባሕር ብርዱ እንዴት ይዞሃል? የላክሁልህን የሱፍ ካልሲ አድርገው፤ መርከብ ላይ ማን አይቶህ ታፍራለህ? እኛ ደኅና ነን። ድንቹ ተቆፍሮ ጓዳ ገብቷል። አባትህ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ መንዳት ትቷል፤ ወገቤን ነው ይላል።

መንደሩ ሁሉ እየሳቀብኝ ነውና ወሬው ከሌላ ሰው ሳይደርስህ እኔው ልንገርህ። ትናንት የሚሊሻው የመኸር ልምምድ ነበር። የእኛ ቡድን ጎተራችን ውስጥ ተሸሽጎ ድልድዩን ይጠብቃል፤ የከተማው ሚሊሻ ጠላት ሆኖ ይመጣል። አብራህ የተማረችው ኬርሊ አሁን የቡድኑ መሪ ናት። ከሰኞ እስከ አርብ ልጆች ታስተምራለች፤ ቅዳሜ አናጢውንና ፖስተኛውን ጭቃ ላይ ታስተኛለች። አባትህን በሜዳው በኩል ባለው የጎተራ መስኮት አስቀመጠችው።

«ጋሽ ካሬል፣ ሜዳውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም» አለችው።

እኔ ወጥ ቤት የአተር ሾርባ አማስላለሁ። ቀና ስል ጠላቶቹ በጠራራ ፀሐይ ሜዳውን እያቋረጡ ነው። አባትህ ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ተቀምጧል፤ «መጡ!» አይልም። ልጮህ አማረኝ፤ ግን እኔ ሚሊሻ አይደለሁም። ወዲያው የእኛዎቹ ሁሉ «ሞቱ» ተባለ።

ኬርሊ «ጋሽ ካሬል፣ እንዴት አመለጡዎት?» አለች። አባትህ ቆቡን በእጁ ማዞር ጀመረ። ያን ጊዜ አፌ ቀደመኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው! እሳት እንዳይነድ መባሉን ረስቼ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ሳውናውን አነደድኩት። ጢሱን ተከትለው ነው የመጡት!»

ሳውናው እውነትም ይጨስ ነበር። ቅዳሜ ነዋ! በእኛ መንደር ቅዳሜ ሳውና የማይነድበት ሰው የሞተበት ቤት ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ።

ጺማሙ የከተማው አለቃ፣ «እትዬ፣ እኛኮ የሮጥነው ልንገድል ሳይሆን ልንታጠብ ነው!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ሟችም ገዳይም ተራ በተራ ታጥቦ ሾርባዬን ጠጥቶ ሄደ። ያልሳቀችው ኬርሊ ብቻ ናት። ስትወጣ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ሌይዳ፣ ጠመንጃውን ቅዳሜ መጥቼ ልውሰደው? ለጥገና ነው እንላለን» አለችኝ። «እስቲ እናያለን» ብዬ ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ዛሬ ጠዋት አባትህ ጠመንጃውን ከብረት ሣጥኑ አውጥቶ ሲወለውል አገኘሁት።

«ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትወለውለው?» አልኩት ለቀልድ።

«ልዩነት የለውም» አለኝ። ጨርቁን አስቀምጦም፣ «አባቴን ወደ ሳይቤሪያ ሊወስዱት ሲመጡ በሩን ባዶ እጁን ነው የከፈተላቸው። እኔ እንደዚያ አልከፍትም ብዬ ነበር። አሁን በሩ ላይ ማን ይቁም?» አለ።

ስምህን አልጠራም። እኔም አልጠራሁም። ለኬርሊ ደውዬ፣ «እኔንም ሚሊሻ ውስጥ መዝግቢኝ፤ ዓይኔ ከሩቅ ደኅና አድርጎ ያያል» አልኳት። «እሳት ካላነደዱ!» አለችና ሳቅን። እሱ ሜዳውን ያውቃል፣ እኔ አያለሁ፤ ሁለታችን ተደምረን ከአንድ ዘብ አናንስም።

አባትህ የላክኸውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። እኔን ግን ቀስ ብሎ፣ «ጢም አሳድጓል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከእንግዲህ ፎቶ አትላክ ልጄ፤ ደውልለት።

ባሕሩ ይራራልህ፤ እግርህ ደረቅ፣ እንጀራህ ሙሉ ይሁን። ና አልልህም፤ ኑሮህ እዚያ ነው። ኬርሊ ቅዳሜ ስትመጣ ግን እንደ ልማዴ ሳውናውን አነዳለሁ። ጢሱ ከአውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይታያል።

እናትህ ሌይዳ