የትናንት ዜሮ

ኅዳር 4
ልብስ አጠብኩ። ነፋስ ስለነበረ ቶሎ ደረቀ። የልጄ አባት ሬዲዮኑን ልጠግን ብሎ ፈታውና መግጠም አቃተው። ድሮ ቢሆን እስቅበት ነበር።
ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ ከልጄ ጋር የሞተው የሥራ ባልደረባው ሚስት ፊቷን አዞረችብኝ። አልፈርድባትም። የሳሙና ፋብሪካው አለቃ፣ ልጃችሁ ግፊቱን ሳያይ የማብሰያውን ጋን ክዳን ፈታ፣ ራሱንም ሰውንም ጨረሰ ብሏላ። አባቱም አምኗል። ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም አይጠራም።
ልጄ ሳያይ? ሻይ እንኳ፣ “ዝንብ ገብቶበት ይሆናል” እያለ ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አንስቶ የሚያይ ልጅ?...

ኅዳር 9
ሽቦ መጣ። የፋብሪካው መሣሪያ ጠጋኝ ነው። በቅጥነቱ ይህን ስም ያወጣለት ልጄ ነው።
“እማማ፣ ከእሱ ሰማሁ እንዳይሉ። ልጆች አሉኝ።” እሺ አልኩት።
ቀስ ብሎ እንዲያስረዳኝ ለመንኩት። ከጋኑ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ጫፉ ላይ የግፊት መለኪያ አለ፣ ትራንስሚተር ይሉታል። ሆዱ ውስጥ ስስ ብረት አለ። ግፊት ሲጫነው ጎበጥ ይላል። መለኪያው ያንን በኤሌክትሪክ መስመር ወደ ቁጥጥር ክፍል ይልካል፣ እዚያ ቁጥር ሆኖ ይታያል።
በአደጋው ዋዜማ፣ ጋኑ ባዶ ሳለ፣ ቱቦው ውስጥ ሳሙና ደርቆ ደፈነው። ማታ ጋኑ ሲፈላ ግፊቱ ከደረቀው ሳሙና ወዲያ ቀረ። ጠዋት ልጄ ተረኛ ሆኖ ሲገባ ያየው ዜሮ የትናንት ዜሮ ነው። የማታ ተረኞቹ አስተንፍሰውታል ብሎ ከባልደረባው ጋር ሊከፍት ወረደ...
አይቶ ነበር። ልጄ አይቶ ነበር።

ኅዳር 10
እንቅልፍ የለም። ሽቦ መለኪያውን “ስማርት፣ ብልጥ ነው” ያለው ምን ማለቱ ነው? ብልጥ ከሆነ እንዴት ዋሸ?

ኅዳር 13
ሽቦን መንገድ ላይ አቆምኩት። ስማርቱ ቁጥር ብቻ አይደለም የሚልከው፤ የራሱንም ሕመም ይናገራል አለኝ። ቱቦዬ ተደፈነ ብሎ ያስጠነቅቃል፣ በዚያው መስመር።
ያን ቀንስ? ተናግሮ ነበር። ሽቦ ከአደጋው በኋላ የእጅ መሣሪያውን ገጥሞ አንብቦታል። ቁጥጥር ክፍሉ ግን ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ የሚያሳይ ካርድ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚሰካ ሰሌዳ፣ የለውም። ሽቦ ይገዛ ብሎ ደጋግሞ ጠይቋል። አለቃው፣ “ቁጥሩ ከመጣልህ ምን ጎደለህ?” ብሎ መለሰው።
ብልጥ ገዝተው ደንቆሮ ቤት አስቀመጡት።

ኅዳር 15
ለአባቱ ነገርኩት። ከየት አመጣሽው አለኝ። የሽቦን ስም አላወጣሁም። “በይ ተይው” ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ኅዳር 18
አልቻልኩም። የሟች ባልደረባው ሚስት ቤት ሄድኩ።
“ምን የቀረ አለ ብለሽ መጣሽ?” አለችኝ በሩን ይዛ።
ቱቦውን፣ ሳሙናውን፣ ዜሮውን፣ ካርዱን... ሁሉንም ነገርኳት። ማን ነገረሽ ስትለኝ የሽቦ ስም ከአፌ ወጣ። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ቃሌ ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ኅዳር 25
አለቃው ራሱ ቤታችን መጣ። ለካ ሴትዮዋ ወንድሞቿን ይዛ ቢሮው ሄዳለች። ነገሩ እንደገና ተመርምሮ ልጃችሁ ጥፋት የለበትም ተባለ አለን። ጥፋቱ የሽቦ ነው አለ። ማስጠንቀቂያውን ከቁጥጥር ክፍሉ ጋር ማገናኘት የእሱ ሥራ ነበር፤ ተባሯል።
አባቱ ልጁን በስሙ ጠርቶ አለቀሰ። ይህን ስንት ቀን ናፍቄው ነበር...
ካርዱስ? አልጠየቅኩም።

ኅዳር 27
ቢሮው ሄድኩ። አባቱ ተከተለኝ። ሽቦ ካርዱን ጠይቆ ነበር፣ የከለከላችሁት እናንተ ናችሁ አልኩ።
አለቃው አልተቆጣም። “እናቴ፣ ልጅዎ ነጻ ወጣ አይደል? ነገሩ እንደገና ይከፈት ካሉ የልጅዎም ስም አብሮ ይነሳል” አለኝ።
ልመልስለት ስል አባቱ ክንዴን ያዘ።
“ልጄን አሁን ገና ነው ያገኘሁት” አለኝ በሹክሹክታ። “እንዳትወስጂብኝ።”
ወጣሁ።
እስከ ቤት ድረስ ስለ ልጃችን ሲያወራልኝ መጣ። አንዱንም አልሰማሁት።