ነጃሺን ያነሳው ራዲዮ

ይድረስ ለተከበሩት ወንድም ጋሼ አብዱልወሃብ፣
ቢስቲማ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነልዎ? ፋሪሃስ ዓይኗ ተሻላት? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አማን ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ እጄም እግሬም ደህና ነው። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽዎትም።

ልጅዎ ረሺዳ ወደ እናንተ ልትመጣ ነው። አልታመመችም፣ እኔና እሷም አልተጣላንም። ምክንያቱን እሷን ከሚጠይቋት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

እዚህ ካርቱም መንግሥት ከወደቀ ወዲህ የሰው አፍ ተፈትቷል። የሴቱን አለባበስና ውሎ ይቆጣጠር የነበረው ሕግ ሲሻር፣ ሻይ ሻጮቹ ከእንግዲህ ፖሊስ ብርጭቋችንን አይወስድብንም ብለው እልል አሉ። ረሺዳም ደይም ሰፈር ዛፍ ሥር ለምትሸጥበት ቦታዋ አዳዲስ በርጩማ ገዛች።

በዚያው ሰሞን አንድ ራዲዮ «ቤታችን» የሚል ፕሮግራም ጀመረ። ከዓስር ሶላት በኋላ አንድ ኡስታዝ ይቀርባል፣ ሰው እየደወለ ያዋየዋል። ድምፁ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ድምፅ ነው። ካፉሪ ሰፈር ቤቷ የምሠራላት ሐጃ ስትከፍተው እኔም ከወጥ ቤት እሰማለሁ። አንድ ቀን ስለ ነጃሺ አወራ፤ የነቢዩ ሰሐቦች ተሰደው ሲመጡ ስላስጠጋቸው ስለ ሐበሻው ንጉሥ። እዚህ አገር «ሐበሺያ» ብለው ሲጠሩኝ የሚከተለው ጥረጊ፣ እጠቢ ነው። ያንን ስማችንን በዚያ ድምፅ ስሰማ ሰሃን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ስለዚህ የሟቹን የባለቤቴን የጂብሪልን ራዲዮ ወስጄ ረሺዳ ዛፍ ላይ ሰቀልኩት። «ይህ ሰው የእኛን ታሪክ ያውቃል፣ ደንበኞችሽ ይስሙት» አልኳት። «አክስቴ፣ እኔ ሻይ እንጂ ስብከት አልሸጥም!» ብላ ሳቀችብኝ። ደንበኛው ግን ወደደው። ፕሮግራሙ ሲጀምር መቀመጫ ይጠፋ ጀመር። ቆይቶም ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ሁሉ፣ በየሱቁ የሚሰማው እሱ ብቻ ሆነ።

ሰው ሲበዛለት ወሬው ተለወጠ። ሕጉ ከተሻረ ወዲህ አገር ተበላሸ፣ ሴት መንገድ ዳር ተቀመጠች አለ። ቀጥሎ፣ ይህን ያመጡብን ሻይ ሻጮቹ ሐበሺያት ናቸው አለ። በዚያው ድምፅ። ያን ቀን እኔም ዛፉ ሥር ነበርኩ። ረሺዳ ስኳር እየጨመረች ነበር፤ ደንበኞቿ ዓይናቸውን ብርጭቋቸው ላይ ተከሉ። አውርጂው ብላት፣ «እነግረዋለሁ እንጂ አላወርደውም» አለች።

በማግስቱ ሐጃ ቤት ሆኜ ድምፅዋን በራዲዮ ሰማሁ። ስሟን ነገረችው፣ ሙስሊም ነኝ፣ በላቤ ነው የምበላው አለችው።

«ማሻአላህ፣ ስምሽ ያምራል ልጄ። ከየት ነሽ?»

«ከነጃሺ አገር።»

ሳቀ። «እንግዲያው ወደ ነጃሺ ተመለሺ፤ እሱ ያስጠጋሻል» አለና ስልኩን ዘጋው።

ሐጃ ከት ብላ ስቃ፣ «ሉጥፊያ፣ ሰማሽው? ወላሂ ጨዋታ ያውቃል!» አለችኝ። እኔ የቧንቧውን ውሃ ከፈትኩ። ያቺ የወንድሜ ልጅ ናት ማለት አቃተኝ።

ማንም አልመታትም፣ ወንድም ጋሼ። የሚያልፈው ሁሉ ግን «አንቺ ነጃሺ!» እያለ ይጠራት ጀመር። አንዱ የቆየ ደንበኛዋ አፍሮ፣ «ረሺዳ፣ አንቺ ጋ ስቀመጥ ሚስቴ ትጣላኛለች» አላት። ከዚያ በኋላ ጠዋት መነሳት ተወች።

ትምህርቷን ትጨርስ ብለውኝ ነበር። ልጅ የለኝምና ስጡኝ ብዬ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ያ ሳያንሰኝ ራዲዮውንም የሰቀልኩት እኔ ነኝ። እሷ አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ ቢያንስ ብትቆጣኝ ምናለ እላለሁ።

ለፋሪሃ፣ ለታናናሾቿ፣ ለጎረቤታችን ለስንቅነሽም ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ረሺዳ ስትደርስ ስለ ካርቱም አትጠይቋት። ቤት ውስጥ ራዲዮ ተከፍቶ እሷ ድንገት ዝም ካለች፣ ሳትለምንዎ ተነስተው ይዝጉላት። እኔ ያንን አላደረግኩላትም።

እህትዎ ሉጥፊያ
ካርቱም፣ ካፉሪ
የካቲት ፲፪ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.